ፈረስ የሚዞርባት ሴት

ስለ ፈረስ አዋቂ ተብዬ መድረክ ላይ የወጣሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ፈረስ ላይ ወጥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወድቄ ነው። ይህን ለፈረስ ትርኢቱ አዘጋጆች አልነገርኳቸውም። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ አባቴ ደግሞ በመካነ ሰላም ዙሪያ የታወቀ ፈረስ ገሪ ነበር፤ ለእነሱ ይኼ በቂያቸው ነው። እኔም በቂ እንደሆነ ሰው ሆኜ ተቀበልኳቸው።

እንዳብራራ የተጠየቅሁት አንዲት ቃል ነበረች፤ ቅልበሳ። ዛሬ ቅልበሳ ሲባል ሰው የሚያስበው ፍርድ ቤትን ወይም የሬዲዮ ዜናን ነው። ውሳኔ ተቀለበሰ፣ ስምምነት ተቀለበሰ ይባላል። በእኛ ቤት ግን ቅልበሳ የፈረስ ነው። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ አንድ ሰው በቆመባት ቦታ ዙሪያ ጥምዝ ብሎ ወደ መጣበት ሲመለስ ቀለበሰ ይባላል። ሰፋ አድርጎ፣ ሜዳውን ሁሉ አካልሎ የሚመለስ ፈረስ ዞረ እንጂ ቀለበሰ አይባልም። በሰርግ ቀን የሙሽራው አጃቢዎች እየጋለቡ መጥተው፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ዳስ ፊት ደርሰው፣ አንድም ሰው ሳይነኩ የሚመለሱት በቅልበሳ ነው። ቅልበሳ የማያውቅ ፈረስ ለሰርግ አይጠራም።

የቃሉ መነሻ ምን እንደሆነ በደንብ አውቅ ነበር። አፍሬበት እንጂ ጠፍቶኝ አይደለም።

አባቴ ያልተገራ ፈረስ ሲመጣለት መጀመሪያ ልጓም ያለምደዋል፤ ቀጥሎ ኮርቻ። ከዚያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ እያለ ቆይቶ፣ ቅልበሳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለቅልበሳ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ከቤታችን በታች ወዳለው መስክ ወርዳ መሃሉ ላይ ትቆማለች። የላይኛውን ቀሚሷን ጫፍ ወደ ላይ ቀልብሳ በግራ እጇ ትጨብጠዋለች፤ በእጥፋቱ ውስጥ ገብስ አለ። አባቴ ከመስኩ ጫፍ ተነስቶ በቀጥታ ወደ እሷ ይጋልባል። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው የልጓሙን ዛብ ሳብ አድርጎ ሰውነቱን ወደ ጎን ይጥላል፤ ፈረሱ በጀርባዋ ዞሮ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ገብሱን ከቀሚሷ ላይ ይበላል። በሳምንቱ ፈረሱ ያንን የተቀለበሰ ጨርቅ ከሩቅ ሲያይ ጆሮውን ማቆም ይጀምራል። የድሮዎቹ ገሪዎች “ወደ ቅልበሳው ውሰደው” ይባባሉ ነበር፤ ወደ ቀሚሱ ማለታቸው ነው። እየዋለ እያደረ ዙረቱም በዚያው ስም ተጠራ። የቃሉ መነሻ የሴት ቀሚስ ጫፍና እፍኝ ገብስ ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም።

ለምን ችካል አትተክልም ብዬ አባቴን የጠየቅሁት በልጅነቴ ነው። “ፈረስ ለእንጨት አያዝንም” አለኝ። “እንጨት ከሆነ ወይ ይዘለዋል ወይ ይረግጠዋል። ሰው ሲሆን ነው እንዳይነካው ብሎ ራሱን የሚያጥፈው።” ከዚያ ወደ እናቴ እያየ ጨመረ። “እሷ ደግሞ አትንቀሳቀስም። አንድ ቀን ከተንቀሳቀሰች ፈረሱ ሰው እንደሚሸሽ ያውቃል። ከሸሸለት መዞር ምን ያደርግለታል? ያ ፈረስ አበቃለት፤ ከዚያ ወዲያ እህል ይጫንበት።”

እናቴ ስትቆም አትጨፍንም። አቧራው ይሸፍናታል፤ ሲገልጣት እዚያው ናት። ስትመለስ ቀሚሷ ላይ የፈረስ ለሃጭ ደርቆ ነጭ ካርታ ሠርቷል። የሰፈር ልጆች እኔን “የችካል ልጅ” እያሉ ነው ያሳደጉኝ። አባቴ በፈረሱ ሲመጣ የፈረሰኛው ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስትመጣ የችካሏ ልጅ። ለሰባተኛ ክፍል ልታስመዘግበኝ አብራኝ የሄደች ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቂኝ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። እስክመለስ ድረስ ካቆምኳት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ለኋለኛው ግን ምን ብዬ።

አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመት አልፎታል። የመድረኩ ቀን ሳምንት ሲቀረው እናቴ ዘንድ ሄጄ ስልኬን መቅረጫ ላይ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩ።

“ስለ ቅልበሳ ንገሪኝ።”

“ለምንህ ነው?”

“መድረክ ላይ ልናገረው ነው።”

“ሰው ፊት?” ብላ ሻሿን አስተካከለች፤ ስልኩ የሚያያት መስሏት ነው።

ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። የትኛው ፈረስ እንደሚፈራ፣ የትኛው ገብሱን ብቻ ብሎ እንደሚመጣ፣ እኔን አርግዛ ስትቆም አባቴ እንደከለከላትና እሷ ፈረሱ ይበላሽብሃል ብላ እንደቆመች ነገረችኝ። ሲያልቅ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ፤ “ታዲያ የኔን ነገር ታነሳዋለህ?”

“እንዴታ!” አልኳት። ድምፄም ድምፅዋም እዚያው ተቀርጾ አለ።

መጀመሪያ እንደነገረችኝ ነበር የጻፍኩት። በዋዜማው ከሰዓት ወረቀቱን ሳነበው ግን የሴት ቀሚስ የምትለዋ ቦታ ላይ ስደርስ ሳቅ ሰማሁ። ማንም አልነበረም፤ የሰፈሬ ልጆች ሳቅ ነው። አዘጋጁ ደግሞ ደውሎ “መምህር፣ ታሪካዊ መሠረቱን ጠንከር አድርገው” ብሎኛል። ጠንከር አደረግሁት። ቀሚሱን ሰርዤ ጦር ሜዳ አስገባሁ። ቅልበሳ ማለት ጀግኖች አባቶቻችን የጠላትን ሰልፍ በፈረስ ሰብረው ሲመለሱ የወጣ ቃል ነው አልኩ። ጋሻ ጨመርኩ፤ ጎራዴም ጨመርኩ። ሳነበው ራሴን ደስ አለኝ።

መድረኩ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን ነበር። አራት ሞንታርቦ በአራቱ ማዕዘን ቆሟል። እንግዶቹ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ከቦ። ተማሪዎቼም ነበሩ። እናቴን አልጠራኋትም ነበር፤ ያመጣቻት እህቴ ናት። እህቴ ከእኔ ታናሽ ስትሆን ከዓረብ አገር ከተመለሰች ዓመት እንኳን አልሞላትም። ከባጃጅ ደግፋ አወረደቻትና ሴቶቹ መሃል አስቀመጠቻት። እናቴ ቅልበሳ አለ ሲባል ሰምታ ገብስ በጨርቅ ቋጥራ መጥታለች። እኔ ይህን አላየሁም፤ ያየሁት የታጠበ ቀሚሷን ብቻ ነው።

ንግግሬን አደረግሁ። ጋሻውን፣ ጎራዴውን፣ ሁሉንም። ተጨበጨበልኝ። ዐይኔን ወደ ሴቶቹ በኩል አልላክሁም።

ከዚያ ፈረሰኞቹ ቅልበሳ ሊያሳዩ ወጡ። የመጀመሪያው ወጣት ፈረሱን መመለስ አቅቶት ሜዳውን ሁሉ ዞሮ የፕላስቲክ ወንበር ገልብጦ አለፈ። የሁለተኛው ፈረስ ድንኳኑ ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጋላቢው አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሕዝቡ ሳቀ። አዘጋጁ ማይኩን ወደ እኔ ዘርግቶ “መምህር፣ ቅልበሳው የታለ?” አለኝ። ማይኩን ይዤ የምለውን ስፈልግ እናቴ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች።

ማንንም ሳትጠይቅ ሜዳው መሃል ሄዳ ቆመች። የቋጠረችውን ፈታች፤ የላይኛውን ቀሚሷን ጫፍ ቀልብሳ ገብሱን ገለበጠችበት። ሦስተኛው ፈረሰኛ የተቀመጠበት አምባላይ፣ አባቴ ከመታመሙ በፊት በመጨረሻ የገራው ነጭ ፈረስ ነበር። አርጅቷል፤ ወገቡ ሰርጉዷል። እሷን ሲያይ ግን ጆሮውን አቆመ። ጋላቢው ምን እንደመጣበት ሳያውቅ ፈረሱ ራሱ ተነሳና ወደ እሷ በረረ፤ ልብሷን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ታጥፎ በጀርባዋ ዞረ። ደገመ፣ ሠለሰ። አቧራው ሲገለጥ እዚያው ናት። ሜዳው በእልልታ ተናጋ።

አዘጋጁ በደስታ ክንዴን ያዘኝ። “መምህር፣ እኚህ እናት ማን ናቸው? ያውቋቸዋል?”

ምን ያህል እንዳሰብኩ አላውቅም። እናቴ ናት ብል ቃሉን ከእሷ ይጠይቃሉ፤ ጋሻውና ጎራዴው ይወድቃል። ተማሪዎቼ ፊት ለፊቴ ተደርድረዋል። አምባላዩ ቀሚሷ ውስጥ አፉን ከቶ ገብሱን እየበላ ነው፤ ለሃጩ እየወረደባት ነው።

“የሰፈራችን ሰው ናቸው” አልኩ።

ማይኩ አፌ ሥር እንደነበረ ያስታወስኩት ድምፄን ከአራቱም ሞንታርቦ ስሰማው ነው። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ከነአክብሮቱ። እናቴ ዞር ብላ አላየችኝም። ፈረሱ በልቶ እስኪጨርስ ቆመች፤ መቆም ታውቅበታለች። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

እህቴ ከድንኳኑ ጀርባ ጠበቀችኝ። እንደምትጮህብኝ ነበር የጠበቅሁት፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

“ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቺ ማን ናት ሲባል ሠራተኛዋ ናት ይባልልኛል። ስሜን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም። እነሱስ ባዳ ናቸው ብዬ ቻልኩት። አንተ ግን ወላሂ…” ብላ ሳትጨርሰው ሄደች። ምነው በሰደበችኝ ብዬ ነበር።

እናቴን እስከ ቤት አደረስኳት። ደጃፉ ላይ ስንደርስ “ጥሩ ተናገርክ” አለችኝ። “ድምፅህ እኮ ሩቅ ድረስ ነው የሚሰማ።” እንደማሞገስ አድርጋ ነው የተናገረችው። ዛሬም ድረስ ሙገሳ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም፤ የመጠየቅ ፊት የለኝም።

ከዚያ በኋላ ይቅርታ መጠየቂያ መንገድ ስፈልግ ከረምኩ። አፍ አውጥቶ ይቅር በይኝ ማለት የሚሉት ነገር እንዳለ ጠፍቶኝ አይደለም፤ መምህር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ነገሩን በሥራ ላሳያት አልኩ።

አጋጣሚው ከእህቴ መጣ። ከዓረብ አገር ይዛ በተመለሰችው ገንዘብ ቀላ ያለ ዳማ ፈረስ ገዝታ ነበር፤ ገና ያልተገራ፣ ዐይኑ የማያርፍ። የአባቴን ሥራ ልትቀጥል ነው ያሰበችው፤ ዳማውን ገርታ ለሰርግ ልታወጣው፣ በእሱ ከታወቀች ሌላ ፈረስ ልታስከትል። ሴት ፈረስ ገሪ ብለው የሳቁባት ነበሩ። “እረግ! ሰባት ዓመት ሙሉ ስንት ዓይነት ባለጌ ገርቻለሁ፤ ፈረስ ያቅተኛል?” ብላ አለፈቻቸው። ደግሞም አላቃታትም። አባታችን ከፈረስ ሲወርድ እሷ ትወጣ ነበር፤ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ልጓሙን፣ ኮርቻውን፣ ሶምሶማውን በሦስት ወር አስጨረሰችው።

ለቅልበሳው እናቴ ሁለት ቀን ቆመች። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ከዳት፤ ቆማ መዋል አልቻለችም። እህቴ ምን ላድርግ ስትል ፈጠን ብዬ “እኔ እቆማለሁ” አልኩ።

እናቴ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። “መቆም ትችላለህ?”

“ምን ይከብዳል?” አልኳት። ይህቺን ቃሌን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳትም።

የጋቢዬን ጫፍ ቀልብሼ ገብስ ያዝኩ። እናቴ መስኩ ዳር ካለው ካብ ላይ ተቀምጣ ታያለች። የመጀመሪያው ቀን በእርምጃ ነበር፤ ፈረሱ እየዞረኝ ሄደ። ሁለተኛው ቀን በሶምሶማ፤ ያንንም ቆምኩ። ገብሱን ከጋቢዬ ሲበላ ትንፋሹ ሆዴን አሞቀው፤ ለሃጩ ልብሴ ላይ ሲወርድ ደስ አለኝ። ይኸው የችካል ልጅ ችካል ሆነ፤ እዳዬን ከፈልኩ ብዬ ወደ ካቡ ዞሬ ፈገግ አልኩ። እናቴም ፈገግ አለች። አሁን ሳስበው ያቺን ፈገግታ ባላገኛት ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሽምጥ ነው። እህቴ ከመስኩ ጫፍ “አትጨፍን!” ብላ ጮኸችልኝና ለቀቀችው። መጀመሪያ የሰማሁት በእግሬ ነው፤ መሬቱ ሲመታ። ከዚያ የፈረሱ ደረት እየሰፋ መጣ። አልጨፈንኩም። ይዞራል፣ አሁን ይዞራል፣ እናቴ ስንት ዓመት ቆማለች እያልኩ ነበር። አንድ ክንድ ሲቀረው የእህቴ እጅ ዛቡን ሲስብ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አይቼ ነው የሸሸሁት።

ግማሽ እርምጃ ናት። እህቴ አንድ ተኩል ነው ትላለች፤ አልከራከራትም። ዳማው እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ አለፈ፤ ካቡ ጋ ሲደርስ ነው በግድ ያቆመችው። ገብሱ መሬት ላይ ተበትኗል።

“አልተነካሁም፣ ምንም አልሆንኩም!” አልኩ። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። እህቴ ወርዳ የፈረሱን አንገት አቅፋ ቆማለች።

“እንደገና እንሞክር” አልኳቸው።

እናቴ ከካቡ ላይ ሳትነሳ ራሷን ነቀነቀች። “አይሆንም ልጄ። አሁን ሰው እንደሚሸሽ አወቀ።”

እንዲያም ሆኖ በማግሥቱ እምቢ ስንላት በትር ይዛ ወርዳ ራሷ ቆመች። እህቴ ሽምጡን ትታ በሶምሶማ ነው ያመጣችው። ዳማው እናቴ ጋ ሲደርስ አልታጠፈም፤ መንገዱን እንድትለቅለት ጠበቀ። እሷ ደግሞ አትለቅም። እህቴ በሙሉ ጉልበቷ ጎትታ ባታስተው ኖሮ ይረግጣት ነበር፤ በትከሻው ገፍቷት በበትሯ ላይ ተንገዳገደች። ያን ቀን ሁላችንም ሥራው እንዳበቃ አወቅን። እህቴ ልጓሙን አውልቃ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ወቀሳ አልሰነዘረችብኝም፤ ከእኔ ጋር የምታወራው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አስፈላጊውን ብቻ ነው። ዳማው ለጋሪ ተሸጠ። እሷ አሁን ከተማ ውስጥ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች፤ እንደገና ስለመሄድም ስታወራ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር እናቴን ለጉልበቷ ወደ ሐኪም ልወስዳት በመካነ ሰላም ዋና መንገድ ክንዷን ይዤ ስንሄድ ነበር። በቀኝ እጇ በትሯን ይዛለች፤ በግራዋ እኔ አለሁ። ከቁልቁለቱ ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ መጣ፤ ባለጋሪው “ዞር በሉ! ዞር በሉ!” እያለ ይጮሃል። ዞር አልኩ። ሳላስበው፣ እግሬ ራሱ ነው ያነሳኝ። የመንገዱን ዳር ቱቦ ተሻግሬ ስቆም እጄ ባዶ ነበር።

እናቴ መንገዱ መሃል ቆማለች። ባለጋሪው ወደ ኋላ ተጋድሞ ዛቡን ሳበ፤ የጋሪው ጎማ ተንሸራተተ፤ ፈረሱ አፍንጫውን ሻሿ ላይ ሊያሳርፍ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ዳማው ነበር። ከስቷል፤ ትከሻው ተልጧል። እናቴ ግንባሩን ዳበሰችው፤ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አድርጋ መልሳ ለቀቀችው። ገብስ አልነበራትም።

“ኧረ እማማ፣ ሊገድሉኝ ነው እንዴ!” አለ ባለጋሪው ላብ አጥምቆት። ከዚያ ቱቦው ማዶ የቆምኩትን እኔን አየኝ። “ጋሼ፣ የእርስዎ ሰው ናቸው?”

“እናቴ ናት” አልኩ። ድምፄ ቱቦውን በቅጡ አልተሻገረም።

ተሻግሬ ክንዷን ልይዝ ስጠጋ በትሯን እኔ ይዤው ወደነበረው ግራ እጇ አዛውራዋለች። ቀና ብላ አየችኝና እንደ ልጅ አባበለችኝ።

“አብሽር ልጄ። እዚህ ሞንታርቦ የለም፤ ማንም አልሰማህም።”